ገብስማው ሙሉ ልብስ

በመጽሔቶቻችን ላይ ስለ አለባበስ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚወቀሱት እህቶች ናቸው። ቀሚስ አጠረ፣ ሱሪ ተለበሰ፣ ጌጥ በዛ ይባላል። ዛሬ ተራው የወንዶች ነው። የምጽፍላችሁ ስለ አንድ የልብስ ዓይነት፣ ፍላኔል ስለሚባለው ግራጫ የሱፍ ሙሉ ልብስ ነው። "ይህ ደግሞ ለትዳራችን ምን ይጠቅመናል?" የምትሉ ካላችሁ ጥቂት ታገሡኝ። በእርሱ ምክንያት አንድ ቤት ሲናጋ አይቻለሁና ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚሁ አዳማ ውስጥ በአንድ አጥቢያ የባለትዳሮች ኅብረት ነበረን። ትምህርቱ ካለቀ በኋላ ለጥያቄ ዕድል ሲሰጥ አንዲት እህት ተነሣች። ባለቤቷ አጠገቧ ተቀምጧል። "ወንድሞች፣ ባል ለሚስቱ ስጦታ ተላከልኝ ብሎ በገዛ ገንዘባቸው የገዛውን ልብስ ቢለብስ፣ ይህ ውሸት ነው ወይስ የቤት ጉዳይ?" ስትል ጠየቀች። አዳራሹ ጸጥ አለ። ባልየው አንገቱን ደፋ። እኔም መድረክ ላይ ስለ ነበርሁ ጥያቄውን ወደ ጎን ብዬ በጸሎት ዘጋሁት። ፈሪ ነበርሁ፤ እውነቱን ልናገር።

በማግስቱ ቤታቸው ሄድሁ። (ይህን የምጽፈው ሁለቱም ፈቅደውልኝ ነው።) ባልየው መምህር ነው። በቤተ ክርስቲያን በዲቁና አገልግሎት እንዲሾም ተመርጦ ነበር። ያለው አንድ ኮት ክርኑ ላይ አልቆ ያብለጨልጫል። ለባለቤቱ "ኮት ያስፈልገኛል" ሲላት "ከበዓል በኋላ ይደረሳል" አለችው። እርሱ ግን ለልጆቹ ምዝገባና ዩኒፎርም ካስቀመጡት ላይ ስድስት ሺህ ብር አንሥቶ ልባሽ ጨርቅ ተራ ሄደ፤ አንድ ግራጫ ሙሉ ልብስ ገዛ፤ በልኩ አስጠበበው። ለባለቤቱም "አሜሪካ ያለው ወንድሜ በሰው ላከልኝ" አላት። እርሷም ደስ ብሏት ለጌታ ምስጋና አቀረበች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ወንድምየው ስልክ ሲደውል "ስለ ልብሱ ጌታ ይባርክህ፣ እንዴት አምሮበታል መሰለህ" አለችው። "የቱ ልብስ?" አላት።

ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት የሆነውን እናንተም ትገምታላችሁ።

እኔ የተቀመጥሁት ላስታርቅ ነው፤ ነገር ግን ልብሱን አምጥተው ጭኔ ላይ ሲያስቀምጡልኝ እጄ ኮሌታው ላይ ቀረ። ለካ ሰውየው የገዛው እንዲሁ የመጣ ልብስ አልነበረም። እውነተኛ ፍላኔል ነበር። ስለዚህ ወደ ባልና ሚስቱ ከመመለሴ በፊት ስለ ጨርቁ ልንገራችሁ፤ እንዲህ ያለ ልብስ በቁም ሳጥናችሁ ውስጥ ተኝቶ ዋጋውን የማታውቁ ብዙዎች እንዳላችሁ እገምታለሁና።

ፍላኔል ከበግ ጠጉር የሚሠራ ጨርቅ ነው። መነሻው የእንግሊዝ ጎረቤት የሆነችው ዌልስ እንደ ሆነች ይነገራል። በእንግሊዝ አገር ሱመርሴት በምትባል ግዛት በ1772 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የፎክስ ወንድማማቾች ፋብሪካ በዚህ ጨርቅ እስከ ዛሬ ስሙ ይጠራል። አሠራሩን ለመረዳት እናቶቻችን ጥጥ ሲያዘጋጁ ማስታወስ ይበቃል። ጥጡ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል፤ ባዘቶው በእንዝርት ሲፈተል ክሩ ለስላሳና በውስጡ አየር ያለበት ይሆናል። በጥንቱ አሠራር የፍላኔል ክርም እንዲሁ ከተነደፈ ጠጉር ነው የሚፈተለው። ለሌላው ዓይነት ሱፍ ግን ጠጉሩ ይበጠራል፤ አጫጭሩ ወጥቶ ረጃጅሙ ጎን ለጎን ተደርድሮ ስለሚፈተል ጨርቁ ልሙጥና አንጸባራቂ ነው። ፍላኔል ከተሸመነ በኋላ በሞቀ ውኃና በሳሙና ይታሻል፤ ይኮማተራል፤ ይጠብቃል። ከዚያም ላዩ እየተፋቀ ጭገሩ እንዲነሣ ይደረጋል። ድሩና ማጉ የማይታየውም፣ እጃችሁ ሲያርፍበት የጠቦት ጀርባ የነካችሁ የሚመስላችሁም ስለዚህ ነው።

ግራጫነቱም የራሱ ምሥጢር አለው። ጨርቁ ተሸምኖ ካለቀ በኋላ ግራጫ ቀለም ውስጥ የተነከረ አይደለም። ጠጉሩ ከመፈተሉ በፊት ጥቁር የተነከረውና ነጩ በልክ ይደባለቃሉ። ከሩቅ ስታዩት አንድ ቀለም ነው፤ ቀርባችሁ ስታዩት ጥቁሩም ነጩም አለ። በእኛ ቋንቋ ትክክለኛው ስሙ ገብስማ ነው። ገብስማ ዶሮ እንደምንለው፣ ሽበት ጣል ጣል ያለበትን ሰው ፀጉር ገብስማ እንደምንለው። ግራጫ ከምትሉት ይልቅ ገብስማ ብትሉት ልብስ ሰፊውም ቶሎ ይገባዋል።

እኛ ኢትዮጵያውያን ለሱፍ እንግዶች አይደለንም። የመንዝ ሰው ከበጎቹ ጠጉር በርኖስና ባና እየሠራ ያን ብርድ ሲያሳልፍ ኖሯል። ሐዋርያው ጳውሎስም ከእስር ቤት ሆኖ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ በጢሮአዳ ስለ ተወው ልብስ አስታውሶታል (2ጢሞ. 4፥13)። መጽሐፍ ቅዱሳችን ያን ልብስ የጠራው በርኖስ ብሎ ነው። ከመጻሕፍቱ ጋር አብሮ ነው የጠየቀው፤ ክረምትም ሳይገባ እንዲደርስለት ፈልጓል። ብዙ የተጋደለው ሐዋርያ ልብስ ማስፈለጉን አላፈረበትም። እኛ ግን አንዳንዴ ከጳውሎስ በላይ መንፈሳዊ ለመሆን እንሞክራለን።

"ወንድም፣ ይህ ሁሉ ለአርሲ ሰው ነው እንጂ ለአዳማ ምን ይሠራል?" የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። እውነት ነው፤ ስምጥ ሸለቆ ፍላኔል የተፈጠረበት አገር አይደለም። የጥንቱ ፍላኔል አንዱ ሜትር ከ340 እስከ 400 ግራም ይመዝናል። ይህን ለብሶ በሚያዝያ ቀትር መተሐራ ላይ የቆመ ሰው ምስክርነት መስጠት አያስፈልገውም፤ ላቡ ይመሰክርለታል።

የደረሰብኝን ስለማውቅ ነው የምናገረው። እኔ የተዳርሁት በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. ነው። አንድ አጎቴ ለሠርጌ ብለው ለዓመታት ያስቀመጡትን ገብስማ ጨርቅ ሰጡኝ። ልብስ ሰፊው ደግሞ "የሙሽራ ልብስ ጠንከር ማለት አለበት" ብሎ ሙሉ ገበር አገባበት፤ ትከሻው ላይ ወፍራም ስፖንጅ ሰካበት። ሰደሪያም ጨመረበት። የቃል ኪዳኑን ቃል ስናገር ድምፄ የተንቀጠቀጠው በመንፈስ ተነክቼ የመሰላቸው ነበሩ። ሚዜዬ ግን ፎጣ ይዞ ከኋላዬ ቆሞ ያውቀዋል። ባለቤቴ እስከ ዛሬ የሠርጉን ፎቶግራፍ ስታይ "ይሄ የታጠበ ሙሽራ ማን ነው?" ትለኛለች።

ይሁን እንጂ ያንኑ ልብስ ሠላሳ ዓመት ለብሼዋለሁ። ስህተቱ የጨርቁ ሳይሆን የወሩና የገበሩ ነበር። በኋላ ሌላ ባለሙያ ስፖንጁን አወጣልኝ፤ ገበሩን ጀርባው ላይ እስከ ግማሽ አሳጠረልኝ። ሱፍ በተፈጥሮው አየር ያሳልፋል፤ ላብንም ወደ ውስጡ ይመጥጣል። እንፋሎት አፍኖ የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ ከውስጥ የሚሰፋው የናይለን ገበር ነው። ለአዳማ፣ ለሞጆ፣ ለመቂና ለባቱ የሚሆነው ከ300 ግራም በታች የሆነው ቀለል ያለ ፍላኔልና ግማሽ ገበር ነው። ወሩም አለው። ከኅዳር እስከ ጥር የአዳማ ማለዳ ይበርዳል፤ ለመጀመሪያው የጠዋት አምልኮ የሚወጣ ሰው ያውቀዋል። አዳር ጸሎት ላይ ደግሞ ከጋቢ ጋር የሚወዳደር ቢኖር ይህ ልብስ ነው። አሰላ ኮንፈረንስ ብትጠሩ ከአዳማ 75 ኪሎ ሜትር ብቻ ተጉዛችሁ ከ2,400 ሜትር በላይ ትወጣላችሁ። እዚያ ቆላ የለበሰውን ቀጭን ኮት ይዞ የወጣ ሰባኪ መልእክቱን ማሳጠሩ አይቀርም።

አንድ ነገር ደግሞ የአዳማ ሰው ብቻ ይረዳኛል። ነፋሳችንን ታውቃላችሁ። በ2004 ዓ.ም. የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው በከንቱ አይደለም። ነፋሱ አቧራውን ይዞ ይመጣል። ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሶ ከቤቱ የወጣ ወንድም ከባጃጅ ሲወርድ ዱቄት ፋብሪካ የዋለ ይመስላል። ገብስማው ግን አቧራውን ይሸሽግለታል። በር ላይ አንዴ በብሩሽ ወደ ታች ጠረግ ቢያደርገው ይበቃዋል። ለሠርግም፣ ለለቅሶም፣ ለሽምግልናም፣ ለቢሮም ይሆናል። ጥቁሩ ለደስታ ይከብዳል፤ ነጩ ለሐዘን አይሆንም፤ ሰማያዊው ያምራል፣ ግን ፀሐያችን ታደበዝዘዋለች። አንድ ሙሉ ልብስ ብቻ ለመግዛት አቅም ላለው ሰው፣ ማለትም ለአብዛኞቻችን፣ ከገብስማው የተሻለ አላውቅም። ነጭ ወይም ውኃ ሰማያዊ ሸሚዝ፣ አንድ ጥቁር ሰማያዊ ከረባት፣ የተወለወለ ጥቁር ወይም ቡናማ ጫማ፤ አለቀ።

ከየት ይገኛል? እዚህ ላይ ሕሊናችንን የሚነካ ነገር አለ። ጥሩ ፍላኔል በብዛት የሚገኘው፣ ያ መምህር እንዳደረገው፣ ከልባሽ ጨርቅ ክምር ውስጥ ነው። ያገለገለ ልብስ ለንግድ ወደ አገር ማስገባት ደግሞ በሕግ የተከለከለ ነው። ቦንዳው እንዴት እንደሚገባ አዳማ ሆነን አናውቅም ማለት አንችልም፤ የምሥራቁ መንገድ የሚያልፈው በደጃችን ነው። መንገድ ዳር ዘርግታ ለልጆቿ እንጀራ የምታበስለውን እናት ኮንትሮባንዲስት ልላት አልደፍርም። ከእርሷ የገዛውንም ወንድም ከቅዱስ ቍርባን አልከለክለውም። እኔ ግን ሰላም ስላላገኘሁበት ትቼዋለሁ። እያንዳንዱ በጌታ ፊት ይመርምር።

ሌላ መንገድም አለ። ጨርቅ ገዝቶ ማሰፋት። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲመራ ስለ ተደረገ ከውጭ የሚገባ ጨርቅ ዋጋው ጨምሯል፤ ቢሆንም አንድ ጊዜ የሚገዛ ነገር ነው። ወርዱ አንድ ሜትር ተኩል ከሆነ ለሙሉ ልብስ ሦስት ሜትር ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለ ይበቃል። ከቻላችሁ ግን ለሁለተኛ ሱሪ የሚሆን ጨምሩ፤ ፍላኔል ቀድሞ የሚያልቀው መቀመጫውና የጭኑ ውስጥ ነው፣ ኮቱማ ሁለት ሱሪ ያስረጃል። የሚገርመው ከተማችን ከሱፍ ጋር ትውውቅ አላት። በሱፍ ጨርቅና በሙሉ ልብስ ምርት በዓለም የታወቀው የቻይናው ጂያንግሱ ሰንሻይን በ2010 ዓ.ም. ገደማ አዳማ ላይ ፋብሪካ አቁሞ ነበር። ምርቱ ለውጭ ገበያ የታሰበ ስለ ነበር እኛ የምናውቀው የሠራተኞቹን ሰርቪስ ነው።

ሦስተኛውን መንገድ ብዙዎች ይረሱታል። የአባቶቻችሁን ቁም ሳጥን ክፈቱ። በንጉሡ ዘመን በመምህርነት ወይም በባቡር ድርጅት ያገለገሉ አባት ካሏችሁ ከናፍታሊን ጋር የተኛ አንድ ገብስማ ኮት አይጠፋም። የዚያ ዘመን ስፌት ገበሩ ሥር ትርፍ ጨርቅ ስለሚተውለት ሊሰፋም ሊጠብም ይችላል። "ያረጀ ነው" ብላችሁ ለሞግዚት ባል ከመስጠታችሁ በፊት ከታጠፈው ጫፍ አንድ ክር መዝዛችሁ በክብሪት ለኩሱት። የተቃጠለ ፀጉር ከሸተተና አመዱ በጣታችሁ መካከል ከደቀቀ ሱፍ ነው። ቀልጦ ጠጣር ጉብ ከሆነ ግን ፖሊስተር ነው፤ ለማንም ብትሰጡት አትጸጸቱም።

አያያዙን በተመለከተ እህቶች ይቅር በሉኝ፤ ይህን የምጽፈው ለባሎች ነው፤ የራሳችሁን ኮት ራሳችሁ ያዙ። በውኃ አይታጠብም። ማሽን ውስጥ የገባ ፍላኔል ለበኩር ልጃችሁ ይሆናል። ከለበሳችሁት በኋላ ኪሱን አራግፉ፤ ትከሻው ሰፊ በሆነ መስቀያ ላይ ስቀሉት፤ ቢያንስ አንድ ቀን አሳርፉት። ጨርቁ ሲያርፍ ጭምዳዱ ራሱ ይፈታል። ካውያ የግድ ካስፈለገ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ደርቡበት፤ አለዚያ ያብለጨልጫል፣ ያ ደግሞ አይመለስም። ጌታ በተራራው ስብከቱ ስለ ብል የተናገረውን የምታውቁ ሁሉ ብል ምን እንደሚወድድ ደግሞ እወቁ። ልብሱን የሚበላው የምትበረው ቢራቢሮ ሳትሆን ትሏ ናት፤ የምትመርጠውም ላብና ወጥ የነካውን ቦታ ነው። ስለዚህ ክረምት ከመግባቱ በፊት ላውንደሪ አስገቡት፤ አልፎ አልፎም አውጥታችሁ ፀሐይ አስመቱት፤ ቦርሹት።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ሁልጊዜ ስለሚያስቀኝ ነው። አንዳንድ ወንድሞቻችን አዲስ ኮት ሲገዙ እጅጌው ላይ የተሰፋውን የፋብሪካ ምልክት አይነቅሉም። ክርስቶስን ሊሰብክ እጁን ባነሣ ቁጥር ጉባኤው የፋብሪካውን ስም ያነብባል። ያ ምልክት በመደብር ውስጥ ለሻጩ እንዲታይ የተደረገ እንጂ ማዕረግ አይደለም። ከኋላው መቀደጃ ላይ በመስቀል ቅርጽ የተሰፋው ክርም እንዲሁ ለጉዞ የተሰፋ ነውና ይፈታ። የመጨረሻው የኮት ቁልፍም አይቈለፍም።

ልብስ ሰውን ያከብራል ስል ግን የሚወጋኝ አለ። ያዕቆብ በመልእክቱ ሁለተኛ ምዕራፍ የጻፈውን ታስታውሳላችሁ፤ ያማረ የለበሰው ወደ ፊት፣ ያደፈ የለበሰው ወደ ጥግ። እኔ በወጣትነቴ በር ላይ አስተናጋጅ ነበርሁ። ከረባት ያሰረውን ሦስተኛ መደዳ አስቀምጠው ነበር፤ የቀን ሠራተኛውን ምሰሶ ጀርባ። ማንም እንዲህ አድርግ አላለኝም። ዓይኔ ራሱ ነበር የሚያደርገው። ያ መምህር ክርኑ ያለቀ ኮት ለብሶ በጉባኤ ፊት ለመቆም የፈራው ይህን ዓይን አውቆት ነው። በእርሱ ላይ ከመፍረዳችን በፊት ይህን ፍርሃት ማን እንዳስተማረው እንጠይቅ።

ታሪካችንን ለምናውቅ ደግሞ ነገሩ ያስገርማል። በ1930ዎቹ መጨረሻ ወደ ናዝሬት መጥተው በኃይለ ማርያም ማሞ መታሰቢያ ሆስፒታል ያገለገሉት የሜኖናይት ሚሲዮናውያን፣ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የተወለደችበትን ሥራ የጀመሩት ማለቴ ነው፣ ከብዛታቸው ላንካስተር ከሚባል የአሜሪካ አካባቢ የተላኩ ነበሩ። በዚያ አካባቢ በነበረው የሜኖናይት ልማድ የአንድ አገልጋይ ኮት ኮሌታው የማይገለበጥ፣ እስከ አንገት የሚቈለፍ ነበር፤ ከረባትም አይታሰርበትም። ከረባት ለእነርሱ የትዕቢት ምልክት ነበር። ዛሬ በዚያው ከተማ ከረባት ያላሰረ ሰባኪ "ሳይዘጋጅ መጣ" ይባላል። በ1974 ዓ.ም. ደርግ ያችን ቤተ ክርስቲያን ዘግቶ መሪዎቿን ሲያስር ምእመናኑ በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ ተሰበሰቡ። በዚያ ጠባብ ሳሎን ውስጥ የማን ኮት ምን እንደ ሆነ ያስተዋለ ይኖር ይሆን? እኔ አይመስለኝም። ይህን ስል ግን ወደ ኋላ ተመልሰን ቡትቶ እንልበስ ማለቴ አይደለም። ዮሴፍም ከእስር ቤት ወደ ፈርዖን ሲጠራ ተላጭቶ ልብሱን ለውጦ ነው የገባው (ዘፍ. 41፥14)።

ወደ ባልና ሚስቱ ልመለስ።

በ1955 እ.ኤ.አ. ስሎን ዊልሰን የሚባል አሜሪካዊ ደራሲ ስለ አንድ ግራጫ ፍላኔል ለባሽ ሰው ልቦለድ ጽፎ ነበር። በዓመቱ ግሪጎሪ ፔክ የተጫወተበት ፊልም ሆነ። ርዕሱ በእንግሊዝኛ ተረት እስከ መሆን ደርሷል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ለብሶ በባቡር ወደ ቢሮ ለሚጎርፍ ሠራተኛ መጠሪያ ሆነ። መንፈሳዊ መጽሐፍ አይደለም፤ አንብቡት ብዬም አልመክራችሁም። ነገር ግን የታሪኩ ልብ ስለ ልብስ አይደለም። ቶም ራት የሚባለው ባል በጦርነቱ ጊዜ ሮም ሳለ ከአንዲት ሴት ልጅ ወልዶ ነበር። ለሚስቱ ሳይነግራት ዓመታት አለፉ። በሰው ፊት ልብሱ ሥርዓት ያለው፣ ሥራው የተከበረ ነው፤ ከኮቱ ሥር ያለውን ግን ቤትሲ አታውቅም። በመጨረሻ ይነግራታል። ትቆጣለች፤ ቤቱን ጥላ ትወጣለች፤ ትመለሳለች። ለዚያም ልጅ በየወሩ ገንዘብ እንዲላክለት አብረው ይስማማሉ።

ይህን ታሪክ ለመምህሩና ለባለቤቱ አጫወትኋቸው። መምህሩ ወዲያው "የእኔ እንኳ ይሄን ያህል አይደለም" አለ። ባለቤቱ ቀና ብላ አየችውና "አንተ ልጅ አልደበቅህም፤ የልጆችህን ዩኒፎርም ነው የደበቅኸው" አለችው። ከዚያ በኋላ እኔ ዝም ማለት ይሻለኛል ብዬ ቡናዬን ጠጣሁ።

ለብዙ ጊዜ ዝም ተባባሉ። በኋላ እርሱ "ብጠይቅሽ እምቢ እንደምትዪኝ አውቅ ነበር" አላት። እርሷም አሰበችና "ብትጠይቀኝ እሺ እልህ ነበር ወይ? እኔም አላውቅም" አለች። "ልብሱን አልጠላሁትም። እንዲያውም ያምርብሃል። እኔን ያቃጠለኝ ጌታን ያመሰገንሁት ነው። ላልተሰጠኝ ነገር አመሰገንሁ። ከወንድምህ ጋር ስናገር እንደ ሞኝ ቆምሁ።"

እህቶች ሆይ፣ ይህን ቃል ደግማችሁ አንብቡት፤ ወንድሞችም። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ጉዳዩ የስድስት ሺህ ብር መስሎኝ ነበር። ለማስታረቅ የተዘጋጀሁትም ስለ በጀት፣ ስለ ጋራ ሂሳብ፣ ባልና ሚስት ከስንት ብር በላይ መመካከር እንዳለባቸው ነበር። ያዘጋጀሁትን ማስታወሻ ከኪሴ አላወጣሁትም።

መምህሩ ተነሥቶ ይቅርታ ጠየቀ። ለእኔ ሳይሆን ለእርሷ። ወዲያው ደግሞ ስልኩን አውጥቶ አሜሪካ ላለው ወንድሙ ደወለ፤ በእርሷ ፊት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ዋሽቶ እንደ ነበር ነገረው። ያ ለአንድ የሐበሻ ወንድ ቀላል አይደለም። ወንድምየው ሳቀና "ታዲያ ለምን አልጠየቅኸኝም፣ እልክልህ ነበር እኮ" አለው። ይህ ደግሞ ሌላ ቁስል ነካ፤ መጠየቅ አለመውደዱን። ስለዚያ በሌላ ጊዜ እንነጋገር ይሆናል።

ልብሱን ምን እናድርገው የሚለው ቀረ። እርሱ "ልሽጠውና ገንዘቡን ልመልስ" አለ። እርሷ አልተስማማችም። በልኩ የጠበበ ልብስ ማን በዋጋው ይገዛዋል? ደግሞም እሑድ ምን ለብሶ ሊሾም ነው? ከትርፍ ሰዓት ማስጠናት ከሚያገኘው በየወሩ አምስት መቶ ብር ኩሽና ካለው የቡና ቆርቆሮ ውስጥ እንዲያስገባ ተስማሙ። ቆርቆሮውን የምትቆጥረው ትልቋ ልጃቸው ናት፤ ስለ ምን እንደ ሆነ ተነግሯታል። ሐሳቡ የእናትየው ነበር። እኔ ልጅን በዚህ ማስገባት አልወደድሁትም፤ ነገር ግን አልተጠየቅሁም።

በሹመቱ እሑድ በአምልኮው መካከል አየሁት። ገብስማው ትከሻው ላይ በልኩ ተቀምጧል፤ ሱሪው ጫማው ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ታጥፏል። ባለቤቱ ሁለተኛ መደዳ ላይ ነበረች። ሲንበረከክ ኮቱ ጀርባ ላይ ነጭ የጋቢ ክር ተለጥፎ አየሁ። እጅ ሊጭኑበት የመጡት ሽማግሌ ሳያነሡለት ቀሩ። ከጸሎቱ በኋላ ወደ ቦታው ሲመለስ እርሷ አነሣችለት።

ቆርቆሮው ውስጥ እስካሁን አራት ሺህ አምስት መቶ ብር ገብቷል። ሦስት ወር ይቀረዋል።